የተቆጣው የእንግዴ ልጅ

በዚያ ሥራ መጀመሪያ የተማርኩት ባልዲ አያያዝ ነው። ክዳን ያለው ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ነበር። ከማዋለጃ ክፍሉ አንስቼ በረጅሙ ኮሪደር እስከ መጨረሻዋ ጠባብ ክፍል ስወስደው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የተደረደሩት አስታማሚዎች ምን እንደያዝኩ እንዳይጠረጥሩ ፊቴን ዘና አድርጌ ማለፍ ነበረብኝ። ባልዲው ውስጥ የእንግዴ ልጅ አለ። ከወጣ ግማሽ ሰዓት አይሞላውም፤ ሙቀቱ ገና አልለቀቀም።

ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ነበርኩ፤ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። አንድ ጥናት ሊጀመር ሆነና ጥናቱን የሚመሩት ሐኪም፣ “የገጠር እናቶች አነጋገር የሚገባት አንዲት አዋላጅ ስጡኝ” አሉ። ያደግኩት ትክል ድንጋይ ስለሆነ አለቆቼ እኔን ላኩኝ። ዶክተሩ ወደ ስልሳ የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ቁርስ መብላት ትተው ነበርና፣ ጠዋት ጠዋት ከፒያሳ በባጃጅ ስመጣ ሁለት ፓስቲ በወረቀት አስጠቅልዬ እይዝላቸዋለሁ። “ማን አዘዘሽ?” ይሉና ሁለቱንም ይበሉታል።

የእንግዴ ልጅን ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አዋላጅ ነኝ፤ በመቶ የሚቆጠር የእንግዴ ልጅ በእጄ አልፏል። እኔ ግን ሙሉ መውጣቱን አይቼ ከመጣል በቀር ምን እንደሆነ አስቤበት አላውቅም ነበር። እሳቸው ጓንታቸውን አጥልቀው ሽፋኑን በሁለት ጣት ያነሱና ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘረጉታል። ጤነኛው ስስ ነው፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብርሃን ያሳልፋል። የታመመው ደግሞ አጓት የፈሰሰበት ይመስላል፤ ይደፈርሳል፤ ሽታውም ይለወጣል።

“የእናትና የልጅ ደም አይቀላቀልም” አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። “በመካከላቸው ይህ ግድግዳ አለ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ያለ እናቶች ስንት ጤነኛ ልጅ የሚወልዱት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ግድግዳው ሲቆጣስ? ቁስል እንደሚቆጣው ማለት ነው፤ ሲያብጥ፣ ሲግል፣ ሲሳሳ። ያን ጊዜ ቫይረሱ ያልፍ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።”

የእኔ ድርሻ እናቶቹን ማስፈቀድ ነበር። ጥናቱ ቫይረሱ ያለባቸውንም የሌለባቸውንም ስለሚጨምር የተጠየቀችው ሁሉ ታማሚ ናት ተብሎ አይጠረጠርም። ቢሆንም ብዙዎቹ እምቢ ይሉኝ ነበር፤ አልፈርድባቸውም። በእኛ አገር የእንግዴ ልጅ አይጣልም፤ ከደጃፍ ይቀበራል። እናቴም የእኔን በሩ አጠገብ እንደቀበረችው ስትነግረኝ ነው ያደግኩት።

አንድ የሐምሌ ጠዋት፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ወርዶ ገና ሲያካፋ፣ ከኮሶዬ በላይ ካለ መንደር አንዲት ወላድ መጣች። ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጎረቤት እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ አውርዷት፣ ከዚያ የጭነት ማኪና ከፊት ወንበር አሳፍሯት ነው የደረሰችው። አብረዋት የመጡት አማቷ ብቻ ነበሩ፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው የደረሰ፣ አጠር ያሉ፣ ዓይናቸው አንድ ነገር የማያልፈው እናት። ሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ አንድ ቀን ተኩል አልፎታል። ግንባሯን ስነካው ይፋጃል።

አማቷ ውሃ ሊቀዱ ወጣ ሲሉ ልጅቷ እጄን ያዘች። ካርዷን ማየት አላስፈለገኝም፤ ራሷ ነገረችኝ።

“እህቴ፣ መድኃኒት የምውጥ ነኝ። እሳቸው አያውቁም። ባሌ ያውቃል፤ እሱም ይውጣል። እናቱ ከሰሙ ግን ከቤት አያኖሩኝም።”

“አቋርጠሽ ታውቂያለሽ?”

ዓይኗን ጨፈነች። “ባሌ ለሰሊጥ ሥራ ቆላ ወርዶ ልጠይቀው ሄድኩ። ለሳምንት ብዬ ወባ ጣለኝና ከወር በላይ ቆየሁ። መድኃኒቱ አለቀብኝ። ከተመለስኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አላቋረጥኩም።” ምጡ መጣባትና ጥርሷን ነከሰች። ሲያልፍላት፣ “ልጄን አስይዤው ይሆን?” አለችኝ።

“አሁን መውለዱን ብቻ እናስብ” አልኳት። የፈሰሰ ሽርት ውሃ፣ ትኩሳት፣ ወባ፣ የተቋረጠ መድኃኒት፤ ዶክተሩ ያስተማሩኝ አስጊ ነገር ሁሉ አንዲት ሴት ላይ ተሰብስቦ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አማቷ ሲመለሱ ስለ ጥናቱ ለሁለቱም ነገርኳቸው። ወላዷ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። አማት ግን ነጠላቸውን አጠበቁና ቆሙ።

“ምነው ልጄ? የእንግዴ ልጁን ምን ልታደርጉት?”

“ቁራጭ ወስደን እንመረምረዋለን፣ እማማ።”

“አይሆንም። ልጄ ቆላ ነው ያለው፤ ባለቤቴም የለም። የዚህን ሕፃን እትብት ከደጄ የምቀብር እኔ ነኝ። እዚህ ከተማ ቀርቶ የማን አገር ሰው ሊሆን ነው?”

ዶክተሩን ጠራኋቸው። እሳቸው መጥተው እንደ ሌሎቹ ሐኪሞች ቆመው አልተናገሩም፤ አማቷ ከተቀመጡበት አግዳሚ ፊት ቁጢጥ አሉና አውራ ጣታቸውን አሳዩ።

“እማማ፣ የዚህን ጫፍ ያህል ብቻ። የቀረው ሙሉውን የእርስዎ ነው።”

አማቷ የዶክተሩን ጣት ትክ ብለው አዩት። “ጥፍሩን ያህል።”

“እሺ፣ ጥፍሩን ያህል።”

“ደግሞ ሲቆረጥ ቆሜ አያለሁ።”

ዶክተሩ ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደነበር አሁንም ትዝ ይለኛል።

ከቀትር በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች። መጀመሪያ አላለቀሰችም፤ ጀርባዋን አሻሸሁት፣ አፏን አጸዳሁላት፣ ከዚያ የቁጣ የሚመስል ቀጭን ጩኸት አሰማች። አማቷ ከበሩ ውጭ ሆነው እልል ሲሉ መላው ኮሪደር ሰማ። ለእናቲቱ የትኩሳቱን መርፌ ወዲያው ጀመርንላት። ለሕፃኗም ቫይረሱን የሚከላከለውን ሽሮፕ የመጀመሪያዋን ጠብታ በምላሷ ላይ አደረግኩ። አማቷ ገብተው ቆመው ነበር።

“ምንድነው እሱ?”

“ትኩሳት ካለባት እናት ለሚወለድ ልጅ የሚሰጥ ነው። በየቀኑ ትወስዳለች።” ውሸት አልነበረም፤ እውነቱም ሙሉ አልነበረም።

ባልዲውን ይዤ ስወጣ አማቷ እንደተባባልነው ተከተሉኝ። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ናሙና የሚነከርበት ፎርማሊን ዓይናቸውን እያስለቀሳቸው ቆሙ። ዶክተሩ ሽፋኑን አንስተው ወደ መስኮቱ ዘረጉት። ብርሃን አላሳለፈም። ቢጫ ያዘለ፣ የደፈረሰ ነበር።

“ተቆጥቷል” አሉ ዶክተሩ ለራሳቸው ያህል።

አማቷ ወደ ባልዲው ጎንበስ አሉ። “ምነው? ማን አስቆጣው?”

“ሽርት ውሃዋ ቀድሞ ፈስሶ ብዙ ስለቆየ፣ እማማ። መንገዱ ራቀ።”

“መንገዱማ ራቀ። ሌሊቱን ሙሉ ማኪና ስንለምን አደርን።” ትንሽ ቆይተው፣ “ልጂቱንስ ይጎዳታል?” አሉ።

ዶክተሩ እኔን አዩኝ። ልንነግራቸው የምንችለውና የማንችለው ነገር በመካከላችን ነበር። “ገና አናውቅም” አሉ። “መድኃኒቱን ሳታቋርጡ ከሰጣችኋት ደህና እንድትሆን ተስፋ አለን።”

“አይቋረጥም” አሉ አማቷ።

ጥፍር የምታህለው ቁራጭ ተቆረጠች። የቀረውን በድርብ ፕላስቲክ አሰርኩላቸውና በእጃቸው ሳይነኩት እንዲቀብሩት አስረዳኋቸው። በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው እቅፋቸው ውስጥ አደረጉት።

ከሳምንት በኋላ ዶክተሩ ማይክሮስኮፑ ላይ ጠሩኝ። “እዪ” አሉ። ነጭ የደም ሴሎች እንደ ጥምቀት ሕዝብ ተጨናንቀው፣ ሽፋኑን ከዳር እስከ ዳር ሞልተውት ነበር። ከሥር ደግሞ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር እዚህም እዚያም ተበትኗል። “ይህ ወባው ያለፈበት ነው። ያኛው ደግሞ የሰሞኑ ቁጣ ነው።” ከማይክሮስኮፑ ቀና ስል ሹራባቸውን ከክርናቸው ላይ ሲጎትቱ አየኋቸው፤ ነገር ሲከብዳቸው እንዲህ ያደርጋሉ። “ይህችን ልጅ አትርሻት” አሉኝ።

መርሳትማ የት አባቴ። ስድስት ሳምንቷ ሲሞላ እናቷ በቀጠሮዋ አመጣቻት። ፊቷ ሞልቶ፣ አንገቷ ጠንክሮ ነበር። ተረከዟን ወግቼ ደሟን በተዘጋጀው ወረቀት ላይ ባሉት ክቦች አንጠባጠብኩ፤ ወረቀቱ ደርቆ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ውጤቱ እስኪመለስ ሳምንታት ይወስዳል። እናቲቱ ልጇን እያጠባች ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ሲደርቅ ስታይ ቆየች።

“ሽሮፑን ታስታውሻለሽ?” አልኳት።

“እኔ ብረሳ አማቴ መች ይረሳሉ? ‘ሰጠሻት ወይ? ሰጠሻት ወይ?’ ሲሉኝ ነው የሚውሉት።” ፈገግ አለችና ወዲያው ፈገግታዋ ጠፋ። “ውጤቱ ሲመጣ ስልኬ ላይሠራ ይችላል። እባክሽ፣ አትጥሪኝ። እንደ ዘመድ ሆነሽ፣ አራስ ጥየቃ ብለሽ ነይልኝ።”

ውጤቱ የመጣው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ፖስታውን የከፈትኩት ዶክተሩ ክፍል ውስጥ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ነው የተጻፈው። ለሁለተኛ ጊዜ አነበብኩት። ለዶክተሩ ሰጠኋቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው መስኮቱን ከፈቱ።

ስልኳ በእርግጥ አልሠራም። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ኪሎ ስኳርና ሳሙና ገዝቼ በደባርቅ መንገድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ያ ጉዞ እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣል። አደይ አበባው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገደሉ አፋፍ ድረስ ወርዶ፣ ጉሙ ከታች እየተነሳ፣ ኮሶዬ ስንደርስ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከአስፋልቱ ወርጄ በገብስ ማሳ መካከል አርባ አምስት ደቂቃ ያህል በእግር ሄድኩ። ከልቤ መዝፈን አማረኝ።

አማቷ ከሩቅ አወቁኝ። “ኧረ ማን መጣ! ያቺ የሆስፒታሏ ልጅ!” እያሉ ሮጠው ተቀበሉኝ። ከመቀመጤ በፊት በሩ አጠገብ ወዳለች ትንሽ ስፍራ ወሰዱኝ። አፈሩ ተረግጦ፣ ዙሪያውን ጠጠር ተደርድሮበታል። “ይኸውልሽ፤ ከዚህ ነው ያለው። ንዴቱ በርዶለት ይሆናል” አሉኝና ሳቁ። ድንች ተቀቅሎ በአዋዜ ቀረበልኝ፤ ጠላ ተቀዳልኝ። ሕፃኗን አቀፍኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ትነሳለች።

አማቷ ጥጃ ሊያስሩ ሲወጡ ከእናቲቱ ጋር ወደ ጓሮ ዞርን።

“ነፃ ናት” አልኳት። “ደሟ ውስጥ ምንም የለም።”

እናቲቱ የቆመችበት መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሣሩ ርጥብ ነበር። ልጇን እንኳ ከእኔ አልተቀበለችም። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ድምፅ እንዳይወጣት አፈነችው። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ። በተለይ ልጇ ጡት እስክትጥል ድረስ መድኃኒቷን አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጥ፣ ዓመት ተኩል ሲሞላት የመጨረሻው ምርመራ እንደሚቀር ነገርኳት። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። “ያ ሁሉ ተቆጥቶ?” አለችኝ በመጨረሻ።

“ያ ሁሉ ተቆጥቶ” አልኳት። “ዳግም የጀመርሻቸው ሁለት ሳምንታት ረድተዋት ይሆናል፤ ሽሮፑም። ማን ያውቃል?”

ስመለስ አማቷ እስከ አስፋልቱ ካልሸኘሁ አሉ። ገብሱ መሃል እየሄድን በድንገት ቆሙ።

“ልጄ፣ የደሙ ነገር እንዴት ሆነ?”

ክው አልኩ። “የቱ ደም፣ እማማ?”

“አትድከሚ። ልጄ ቆላ ሲወርድ ነግሮኛል፤ የእሱንም የእሷንም። ‘እማ፣ እንደምታውቂ እንዳታውቅብሽ፣ ታፍራለች’ አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ሆስፒታል ያን ቀን የእንግዴ ልጁን ካላየሁ ያልኩት ለእትብቱ ብቻ መስሎሻል? የልጅ ልጄን ምን እንዳገኛት ላውቅ ብዬ ነው።”

“እማማ፣ የታካሚን ነገር ለማንም አልናገርም። ለእርስዎም ቢሆን። መሐላዬም ሥራዬም አይፈቅድልኝም።”

“አትናገሪ” አሉኝ በእርጋታ። “ሸጋ ነው፤ እንዲህ ሁኚ። ግን ያን ሁሉ መንገድ ስኳር ይዘሽ፣ ፊትሽ እንዲህ በርቶ ከመጣሽ፣ ክፉ ነገር አልያዝሽም። ክፉ ነገር ቢሆን እሷን ነበር ወደ ከተማ የምታስጠሯት።” ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝ። “ለክርስትናዋ ትመጫለሽ።”

ሚኒባስ እስኪመጣ አብረውኝ ቆሙ።

ክርስትናው ላይ ግን ተረኛ ስለነበርኩ አልሄድኩም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቀጥሎ ያየኋቸው ሕፃኗ ዓመት ተኩል ሲሞላት ነው። ለመጨረሻው ምርመራ ሲመጡ አማትና ምራት አብረው ነበሩ፤ ልጅቷም በመካከላቸው ሁለቱንም እጃቸውን ይዛ እየተደናቀፈች ኮሪደሩን ገባች። ግራ ገብቶኝ እናቲቱን አየኋት። “ባሌ ከቆላ ሲመለስ ሦስታችን ተቀምጠን ተነጋገርን” አለችኝ። “ለካ ሁላችንም እያወቅን ነው እርስ በርስ የተደባበቅነው።” አማቷ፣ “እኔማ በሆዴ ስይዘው ከሳሁ” አሉና ሁለታችንንም አሳቁን። ውጤቱ በዚያው ቀን ታወቀ፤ ልጅቷ ነፃ ነበረች። አማቷ የሰሙት ከምራታቸው አፍ ነው። እልል ለማለት አፋቸውን ከፍተው፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች አዩና ተዉት። ይልቅ ወደ ዶክተሩ ሄደው፣ ከቀሚሳቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ቅቤ አውጥተው እጃቸው ላይ አስቀመጡላቸው።

ጥናቱ አለቀ። ዶክተሩ ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ዘንድ አዲስ አበባ ሄዱ። ለበዓል እንደዋወላለን፤ ድምፃቸው ቀጥኗል። ጠባቧ ክፍል አሁን የተሰባበረ አልጋና ያረጀ ወንበር ማስቀመጫ ሆናለች። እኔ ደግሞ አዋላጅነት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የእንግዴ ልጁ ሙሉ መውጣቱን አይተው ሊጥሉት ሲሉ፣ “ቆዩ፣ አንሱት” እላቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ አላብራራም። በእነዚያ ዓመታት ሥራው ያደክመኝ ነበር፤ በፎርማሊኑ ራሴን ያመኝ ነበር፤ ደመወዙም አይረባም። ሆኖም በሕይወቴ የሚናፍቀኝ ጊዜ የቱ ነው ብባል ያ ነው።

አምና አማቷ አረፉ። መንገዱ አልፎ አልፎ ስለሚዘጋ ለቀብሩ አልደረስኩም፤ ከሳምንት በኋላ ለቅሶ ልደርስ ወጣሁ። ቤቱ በቆርቆሮ ተሠርቷል። እናቲቱ ትንሽ ወፈር ብላለች፤ ሁለተኛ ልጅም ወልዳለች፤ ወንድ ነው፤ እሱም ነፃ ነው። ባሏም አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። አንዲት ረዘም ያለች፣ ፀጉሯን ሹሩባ የተሠራች ልጅ ውሃ አቀረበችልኝ። የትምህርት ቤት ደንብ ልብሷን ሳታወልቅ ነጠላ ደርባበታለች።

“እሷ ናት” አለች እናቷ፣ አንዴ እኔን አንዴ ልጇን እያየች። “ይህች ናት ያዋለደችኝ ያልኩሽ።”

ልጅቷ አፍራ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ልትወጣ ስትል ከበሩ ተመለሰችና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። “ስንት ኪሎ ነበርኩ?”

“ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ” አልኳት። መዝገብ ማየት አላስፈለገኝም።

“ያን ያህል ብቻ?” አለችና ሳቀች፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሏት ወዲያው እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቷ ግን፣ “ሳቂ፤ እማዬም ብትኖር ትስቅ ነበር” አለ።